ጎማው የወለቀ ምርኩዝ

ፈንታነሽ ማረፏን የሰማሁት በሐምሌ፣ ዝናቡ ፋታ ሰጥቶን ግቢው ውስጥ የተኛውን ውሃ በመጥረጊያ ስገፋ ነው። ስልኩን ቤት ውስጥ ትቼው ስለነበር ጠርቶ ጠርቶ ዝም ካለ በኋላ እንደገና ሲጮህ ደረስኩበት። የደወለችው ባሕር ዳር አብራት የምትሠራ ልጅ ናት። "እትዬ ሙሉ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ልቅሶዋን ብቻ ነው። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነበር፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ደጅ ላይ ቆሞ። አሁን መጥረጊያ በእጅ እንደያዙ ይደርሳል።

ደረቷን አሟት ሆስፒታል መግባቷን አውቅ ነበር። "ለነሐሴ እደርሳለሁ፣ በሶ ያዘጋጁልኝ" ብላኝ ስለነበር ግን ክፉ አላሰብኩም። በሶውም ተዘጋጅቶ ነበር።

እኔ ባለቤቴን በየነን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ ጥቁሬን አላወለቅሁም። ለሁለተኛ ሐዘን የሚለበስ ሌላ ጥቁር የለም፤ በዚያው ላይ ነው የሚደረበው። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ በአጥሩ በኩል ጎረቤቴን ወይዘሮ ጥሩን ጠራኋትና ነገርኳት። ጥሩ አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፤ ከዚያ ድንገት በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ።

"ወለላስ?" አለች። "ወለላ እንግዲህ ምን ትሁን?"

ወለላ የጥሩ ልጅ ናት። በሕፃንነቷ ልምሻ አንድ እግሯን መትቷት በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ልክ እንደ ፈንታነሽ። እናቷ ለዓመታት ከቤት ሳታወጣት ኖራ፣ በሚመጣው የልጃገረዶች በዓል፣ በሻደይ፣ ከእኩዮቿ ጋር ወጥታ እንድትጫወት የፈቀደችው ፈንታነሽ አጠገቧ የምትቆም ከሆነ ብቻ ነበር። ፈንታነሽም እቆማለሁ ብላ ቃሏን ሰጥታለች። አሁን ፈንታነሽ የለችም፤ ሻደይ ሊደርስ ደግሞ ወር ያህል ቀርቶታል።

ፈንታነሽን መጀመሪያ ያየኋት በአህያ ላይ ሆና ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ የያኔው ጦርነት አልፎ ትምህርት ቤቶቹ ደህና ማስተማር በጀመሩበት ሰሞን፣ አንድ የገበያ ቀን፣ አባቷ ከፃግብጂ ገጠር አህያዋን እየነዳ ሰቆጣ ካለው ግቢያችን ገባ። ከማሽላው ስልቻ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። ሰውዬው አፉን የፈታው በኽምጣንጋ ስለሆነ አማርኛውን እየፈለገ ነው የሚናገረው። ለተማሪ የሚከራይ ክፍል እንዳለን ጠየቀ። በየነ አናጢ ነበር፤ ከሚሠራበት ክፍል ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። አለን አልነው። ከዚያ ልጁን ለምን ከተማ እንዳመጣት ማስረዳት ያለበት መሰለው።

"ለማረስ አልሆነች፣ ለመዳር አልሆነች። እስቲ ለፊደል ትሁን ብለን ነው" አለ።

"አህያዋም ለፊደል አልሆነችም፣ አባ" አለች ልጅቷ ከላይ። "ግን ትወዳታለህ።"

አባቷ እያፈረ ሳቀ። ከስልቻው ላይ ሲያወርዳት አስተዋልኩት፤ የሚሳሳላትን ልጅ እንደሚያወርድ ሰው ነው ያወረዳት፣ እግሯ መሬት እስኪይዝ ድረስ እጁን ሳይለቅ። አፉ ሊናገረው ያልቻለውን ክንዱ ይናገር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክትጨርስ እኛው ግቢ ኖረች። እኔን እትዬ፣ በየነን ጋሼ ትለን ነበር። እኔና በየነ ልጅ አልወለድንም። ይህን የምለው እሷን ልጄ ለማለት አይደለም፤ እናትና አባት ነበሯት፤ በዚያ ላይ የማንም ልጅ ለመሆን የምትመች አልነበረችም። ግትር ናት። የተዋሰችውን ዕቃ አትመልስም፤ የልብስ መቀሴ አንዴ እሷ ክፍል ከገባ በኋላ ወደ እኔ አልተመለሰም። ውሃ ስትቀዳ ጄሪካኑን ልያዝልሽ የሚላትን ሰው ትቆጣለች፣ አይቶ ዝም የሚላትን ደግሞ ትታዘባለች። በየነ "ይቺን ልጅ ቢረዷትም ጥፋት፣ ባይረዷትም ጥፋት" ይል ነበር።

የታመመች እግሯን "እንግዳዬ" ነው የምትላት። ልትቀመጥ ስትል በሁለት እጇ አንሥታ መጀመሪያ እሷን ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ራሷ ትቀመጣለች። ለምን እንዲህ እንደምትላት ጠይቄያት ነበር። "አትታዘዝማ፣ እትዬ። ሂጂ ቢሏት አትሄድ፣ ነይ ቢሏት አትመጣ። እንግዳ ደግሞ ያስተናግዱታል እንጂ ሥራ አያዙትም" አለችኝ።

መንገድ ላይ የሚያገኟት ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጡላታል። ይህን እንደምትጠላ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከንፈር መምጠጡ ግን ልማድ ስለሆነ ማንም አይተውም። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን አብረን ስንመለስ አንዲት ደህና የለበሱ ሴት ቆም አሉና "እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ልጄ" አሏት።

"አሜን። እርስዎንም ይማርዎ" አለች።

"እኔን ምን ሆንኩ ብለሽ?"

"እኔስ ምን ሆንኩ አልኩዎ?"

ሴትየዋ ተቀይመው ሄዱ። እኔ ቆጣ ብዬ ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም አልኳት። እሷ ግን አንዳች ነገር እያዜመች፣ ምርኩዟን እየመታች ቀድማኝ ሄደች።

ሻደይ የልጃገረዶች ነው። ፍልሰታ ሲፈታ ሹሩባ ይሠራሉ፣ ይኳላሉ፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ይለብሳሉ፤ ሻደይ የሚባለውን ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ ዙሪያውን ያስራሉ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ከዚያ ከበሮ ይዘው በየደጁ እየዞሩ ይጫወታሉ፤ በመጨረሻም ሜዳው ላይ ይገናኛሉ። ጨዋታው ሲሞቅ፣ እየዘለሉ ወገባቸውን ሲሰብቁ ሣሩ ከኋላቸው ይነሳል፣ ይወድቃል። የሁሉም ሣር እኩል ተነሥቶ እኩል ሲወድቅ ነው የሚያምረው። ዳር ቆመን የምናይ ሴቶችም የምንተቸው ይህንኑ ነው።

የፈንታነሽ ሣር እኩል አይነሳም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የሠፈሩ ልጃገረዶች ነጠላ አስጠበቋት። ክፋት አልነበረባቸውም። ምርኩዝ የያዘች ልጅ ከሾላው ሥር ተቀምጣ የጓደኞቿን ነጠላ ብትጠብቅ ለሁላችንም የተገባ ነገር ይመስለን ነበር። እሷም እሺ ብላ ተቀመጠች። ልጆቹ ተጫውተው ላባቸውን እየጠረጉ ሲመለሱ ነጠላዎቹ ሁሉ ጥለት ከጥለት ተቋጥረው አንድ ትልቅ ገመድ ሆነው ጠበቋቸው። እየተሳደቡ ቋጠሮውን መፍታት ያዙ። እሷ ያን ጊዜ ተነሥታ፣ ከሾላው ሥር የቀረውን ሣር ወገቧ ላይ አሰረችና ከበሮ የያዘችውን ልጅ "ምቺልኝ" አለቻት።

እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። ምርኩዟን መሬት ላይ ተክላ በዙሪያው ትዞራለች። ደህናው እግሯ ሲመታ እንግዳዋ እግር ዘግይታ ትመጣለች። ሣሩ ወደ አንድ ጎን ብቻ ረጅም ተዘናፍሎ ይሄድና፣ ተመለሰ ስንል አየር ላይ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ቆይቶ ደግሞ ከበሮው እሷን መጠበቅ ጀመረ። ቋጠሮ የሚፈቱት ልጆች እጃቸው ቆመ። ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። የሚጨበጨብለት ነገር መሆኑን ገና አላወቅንም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በየነ የሚሠራበት ክፍል ገባች። ምርኩዟን ከወይራ የሠራላት እሱ ነው። እንዳያንሸራትታት ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ጫፉ ላይ በሚስማር መትቶበታል፤ በዚያች ጎማ ደግሞ ይኮራባት ነበር።

"ጋሼ፣ ጎማውን ይንቀሉልኝ" አለችው።

"ለምን?"

"ያፍነዋል።"

"ምኑን ነው የሚያፍነው?"

"ድምፁን ነዋ። ትናንት እግሬ ይሰማል፣ ምርኩዜ ግን እንደ ድመት ነው የሄደብኝ።"

በየነ እንደምትወድቅ ነገራት። ሰቆጣ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ባልሆነበት ደግሞ በክረምት ጭቃ ነው። "እኔ ቆመሽ እንድትሄጂ ብዬ ነው የሠራሁልሽ" አላት። "ቆሜማ አለሁ" አለችው። ቀኑን ሙሉ ተኮራርፈው ዋሉ። እኔ በመካከላቸው ምሳ አቀረብኩ፤ ሁለቱም ሰሐኑን እንጂ እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ወደ ማታ ግን በየነ ጉጠቱን ይዞ ወጣና ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሚስማሮቹን ነቀለ። ጎማዋን ኪሱ ከተታት።

"ለጨዋታ ብቻ ነው" አላት። "ለመንገድ ይመለሳል።"

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። ከጨዋታው በፊት ይነቅላል፣ ከጨዋታው በኋላ ይመታል። ጭፈራ የማይወደው በየነ ጉጠትና መዶሻ ይዞ ሜዳው ዳር ይቆማል፤ ጎማው ሳይመለስ አንድ እርምጃ እንድትራመድ አይፈቅድም። ጓደኞቹ "አናጢው ሻደይ ሊጫወት መጣ" እያሉ ይስቁበት ነበር። የእሱ ዓይን እሷ ላይ ነው። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጎማዋን ይዟል።

ትምህርቷን ስትጨርስ ባሕር ዳር ሄደች። እዚያ ያለ አንድ የኪነት ቡድን ተወዛዋዥ እንደሚፈልግ ሰምታ ተመዘገበች። የሚፈትኑት ሰዎች ምርኩዟን አዩና ድምፅሽ ጥሩ ከሆነ ዝፈኚ አሏት። "ድምፄ እንደ ዛገ በር ነው" ብላ እንደመለሰችላቸው እሷው ነግራኛለች። እንግዲያው ልብስ ሰፊ እንፈልጋለን አሏት። መስፋት አትችልም ነበር፤ እችላለሁ አለች። የእኔን መቀስ ይዛ ሄዳ ነበርና በዚያ ጀመረች።

የምትሰፋው ከልምምዱ ክፍል ጥግ ተቀምጣ ነው። ተወዛዋዦቹ እንቅስቃሴው ሲጠፋባቸው ከጥግ ትነግራቸዋለች። ቆየት ብሎ አሰልጣኙ የቀረ ቀን እሷን መጠየቅ ለመዱ። ቆየት ብሎ ደግሞ አሰልጣኙ ራሱ ይጠይቃት ጀመር። ልብስ ሰፊነቱን ሳትለቅ ውዝዋዜ አቀናባሪ ሆነች። ከዚያ በኋላ ነው የራሷን ቡድን ያቋቋመችው። ዊልቸር ላይ የሚሄድ አንድ ጎልማሳ፣ ጆሮዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ፣ ሙሉ ጤነኛ የሆኑም አብረው ነበሩ። ጆሮዋ ለማይሰማው ልጅ ከበሮውን የእንጨት ወለል ላይ ታስቀምጥላታለች፤ ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ትሰማዋለች። ፈንታነሽ ለልጆቿ ክፉ አሰልጣኝ እንደነበረች አውቃለሁ። ተሳሳቱ ያለቻቸውን ጀንበር እስክትጠልቅ ታስደግማለች፤ ሲብስባት በኽምጣንጋ ትቆጥራለች።

በቴሌቪዥን የታየች ዕለት ግቢያችን በሰው ሞላ። ሴቶቹ እልል አሉ። በየነ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብሎ ሲያይ ቆየና "ጎማውን ነቅላዋለች" አለ።

አንድ ጊዜ ሌላ ከተማ ተጠርተው ሲሄዱ የአዳራሹ መድረክ ከፍ ያለ ነው፤ ከደረጃ በቀር መውጫ የለውም። አዘጋጆቹ በደግነት ጎረምሶች ጠርተው እሷንና ዊልቸር ላይ ያለውን ሰው ተሸክመው ሊያወጧቸው መጡ። እሷ ግን አይሆንም አለች። "ስንጫወት የምታዩን ሰዎች ከሆንን፣ ስንወጣም እንደ ሰው እንውጣ" አለቻቸው። መድረኩን ትተው ከፊተኛው ረድፍ ፊት ወለሉ ላይ ተጫወቱ። የክብር እንግዶቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ሊያይ ወንበር ላይ ቆመ። አላፈርሽም ወይ አልኳት። "አፈርኩ እንጂ" አለችኝ፣ "ወንበሩን ለሚጎትተው ባለ ከረባት።" በሌላ ዓመት ስትመለስ ከደረጃው ጎን መወጣጫ ተሠርቶ አገኘች። ፍየል የማይወጣው ቀጥ ያለ መወጣጫ ነው ብላ ስቃ ስትነግረን፣ በየነ ወረቀት አምጥቶ እንዴት መሠራት እንደነበረበት ይስልላት ጀመር።

አካል ጉዳተኛ የሚለው ቃል በስብሰባ ሁሉ ይነሳ በነበረበት በዚያ ዘመን እሷም ስብሰባ ትጠራ ነበር። ንግግር ግን አይሆንላትም። ተናገሪ ሲሏት ብድግ ብላ "ከበሮ አለ?" ትላለች። ስብሰባ ላይ ከበሮ ከየት ይመጣል። ጠረጴዛ ይመቱላታል።

ይሁንና ከባሕር ዳሩ ሁሉ የሰቆጣው ይከብዳት ነበር። አንድ ዓመት ለሻደይ ቀደም ብላ መጥታ የከተማውን ልጃገረዶች አለማመደች። ጤነኞች ናቸው ሁሉም። ያስተማረቻቸው የራሷን እርምጃ ነው፤ አንዱ እግር ሲመታ ሌላው እንዲዘገይ፣ ሣሩ ወደ አንድ ጎን እንዲሄድና እንዲጠብቅ። በበዓሉ ዕለት ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ድምፅ ማጉያ ቆሞ ነበር። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ እንዳትደክሚ ብሎ እሷን ከከበሮ መቺዎቹ ኋላ ወንበር ሰጣት። ምን እንደሆነች እንጃ፣ ያን ቀን አልተከራከረችም።

ልጃገረዶቹ አንድ እግራቸውን እየሳቡ ወጡ። ሰው ተንጫጫ። ጤነኛ ልጆች በሕዝብ ፊት ሲያነክሱ ምን ብሎ ይየው። ዳር ዳሩን ሳቅ ተሰማ። ይህን ጊዜ አባ ገብሬ የሚባሉ የደብሩ ሽማግሌ ከድንኳኑ ተነሥተው ወደ መሀል ገቡ። መቋሚያቸውን ከበሮው ላይ አሳረፉት። ከበሮው ቆመ።

"በታመመ ሰው ትዘባበታላችሁ?" አሉ ልጆቹን። "ቤታችሁ የታመመ የለም? እናት የላችሁም?"

ልጆቹ አቀረቀሩ። አንዷ አለቀሰች። እኔ ካለሁበት ሆኜ የፈንታነሽ ምርኩዝ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ከከበሮዎቹ ኋላ ወጥታ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

"አባ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። እርምጃው የእኔ ነው።"

አባ ገብሬ እግሯን አዩ፣ ምርኩዟን አዩ፣ ተመልሰው ልጆቹን አዩ።

"የአንቺ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"የአንቺ ከሆነ አንቺ ከኋላ ምን ታደርጊያለሽ?"

"አስቀመጡኝ" አለች ቀስ ብላ። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ከከበሮው ላይ አነሡ። "ከፊት ሁኚ። ያኔ ለእኛም ይገባናል" አሏት።

ከፊት ሆነች። እንደገና ተመታ። የሷ ሣር ሄዶ ሲጠብቅ የኋለኞቹ ሣር ሁሉ አብሮ ሄዶ ይጠብቃል፤ ስትመለስ ይመለሳል። የሚስቅ አልነበረም። አባ ገብሬ ወደ ወንበራቸው ሳይመለሱ እዚያው መሀል ቆመው በመቋሚያቸው መሬቱን ይመቱ ጀመር፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደሚያሸበሽቡት። ጨዋታው አልቆ በየነ ጎማውን ሲመታላት መጡና "እንጨት ይዞ ማሸብሸቡንስ እኛም እናውቀዋለን" አሏት። ከሰማችው ምስጋና ሁሉ ይህን ነበር የምትደጋግመው።

ወለላን ያገኘቻት ባለፈው ነሐሴ ነው። ግቢያችን ተቀምጠን በመንገዱ ከበሮ ሲያልፍ ከአጥሩ ማዶ ጣሳ የሚመታ ሰማች። ከበሮው ርቆ ከሄደ በኋላም ጣሳው አላቆመም።

"ያ ማነው?" አለችኝ።

የጥሩ ልጅ ናት አልኳት። ጥሩ ልጆቿን ለሰው ስትቆጥር ወለላን አታነሳትም ነበር። ፈንታነሽ ምርኩዟን ይዛ ሄደችና ከጥሩ ደጃፍ ድንጋይ ላይ መጀመሪያ እንግዳዋን፣ ከዚያ ራሷን አስቀመጠች። ስለ መብት አንዲት ቃል አልተናገረችም።

"ጣሳ መቺሽን አውሽኝ፣ እት ጥሩ" አለቻት። "የተዋስኩትን እንደማልመልስ ግን እትዬ ሙሉን ጠይቂ።"

ጥሩ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። ይስቁባታል አለች፣ ልጄን ይስቁባታል። ፈንታነሽ አላስተባበለችም። "የመጀመሪያ ቀን ይስቃሉ። እኔ አጠገቧ እቆማለሁ። በሁለታችን ለመሳቅ ብዙ ሳቅ ያስፈልጋቸዋል" አለቻት። የሰጠችው ቃል ይህ ነበር።

ለወለላ ምርኩዝ የሠራላት በየነ ነው፤ ፈንታነሽ ገና ሳትሄድ ጀምሮት ነበር። ጎማውን መትቶ ከጨረሰ በኋላ ሌላ ሥራ አልሠራም። በኅዳር አረፈ።

ፈንታነሽ መንገድ አስቸግሯት የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ልቅሶ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሙሾ ታወርዳለች ብለው ጠበቋት። እሷ ግን ምርኩዟን አቅፋ ተቀመጠች። ሰልስቱ አልፎ ሰው ቀለል ሲል በየነ የሚሠራበት ክፍል ገብታ ጉጠቱንና መዶሻውን ይዛ ወጣች። ጭኔ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"እንግዲህ ጎማዬን የሚነቅሉት እርስዎ ነዎት" አለችኝ።

"እኔ ሚስማር ነቅዬ አላውቅም።"

"ይልመዱ።"

ምርኩዟን ጭኔ ላይ አጋደመችው። ሚስማሩን አጣመምኩት፤ ጣቴን በጉጠቱ ቆነጠጥኩት። እሷ በሐዘን ቤት ሳቀች። እኔም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ስመታው ደግሞ ጎማው ጠመመ። "ጋሼ ቢያዩ ያፍሩብዎ ነበር፤ እንደገና" አለችኝ። እንደ ተወዛዋዦቿ አስደገመችኝ፣ እስኪቀና ድረስ። ሌላው ሰው ሁሉ እንድቀመጥና እንዳርፍ ይነግረኝ ነበር። ሥራ የሰጠችኝ እሷ ብቻ ናት።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲፈታ ጥሩ "ልጄን አላወጣም" አለች። በእኛ ሠፈር ሐዘን ያለበትን ቤት ልጃገረዶቹ ከበሮ ሳይመቱ፣ አቀርቅረው ነው የሚያልፉት። የእኔንም ደጅ እንደዚያ እንደሚያልፉት አውቄ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ ከበሮው ከታች መጣ፤ ከሠፈራችን ልብስ ሰፊ ሱቅ ጥግ ሲደርስ እንደጠበቅሁት ዝም አለ። የእግራቸው ኮቴ ብቻ ቀረ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከአጥሩ ማዶ ጣሳ ሰማሁ። መምቻው አንድ ይመታል፣ ይዘገያል፣ ይመታል። የማንን እርምጃ እንደሚመታ አወቅሁት።

ተነሥቼ የግቢውን በር ከፈትኩት። ልጃገረዶቹ ደንግጠው ቆሙ።

"ምቱ" አልኳቸው።

"እትዬ፣ ሐዘን ላይ ነዎት እኮ" አለች ከበሮ የያዘችው።

"ሐዘኑ የእኔ ነው። ግቡና ምቱ።"

ወደ ጥሩ ቤት ሄድኩ። ወለላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ጣሳው ጭኗ ላይ ነው። ሹሩባዋ ተሠርቷል፤ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሻደዩ ወገቧ ላይ ታስሯል። አላወጣትም ያለችው እናቷ ነበረች በዚያ ጠዋት ያሰናዳቻት። ጥሩ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች።

"ማን አጠገቧ ይቆማል፣ እት ሙሉ?" አለችኝ።

"እኔ እቆማለሁ።"

"በጥቁር?"

"በጥቁር።"

ጥሩ መቃኑን ለቀቀች። ልጅቷ ተነሥታ አብራኝ መጣች፣ በቀስታ፣ ጭቃውን እየመረጠች። ግቢያችን በየነ ያነጠፈው ድንጋይ ላይ ስንደርስ ቆመችና ምርኩዟን ወደ እኔ ዘረጋችው።

"ጎማው፣ እትዬ" አለች።

ጉጠቱን አመጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ምርኩዙን ጭኔ ላይ አጋደምኩት። በየነ የመታቸው ሚስማሮች ጠንክረው ነበር፤ አንዱንም ሳላጣምም ነቀልኳቸው። ልጃገረዶቹ ክቡን ከፍተው ጠበቋት። ገባች፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ። እንጨቱ ድንጋዩን መታ፤ ከበሮው ተቀበለው።

ጎማዋን ኪሴ ከትቼ ይዣታለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ መመለስ አለባት።